ኮሌስትሮል፣ የስኳር በሽታና ልብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከላቦራቶሪ የሚወጣ ሰው በእጁ የሚይዘው ቁጥር ነው። ኮሌስትሮል ይህን ያህል፣ ስኳር ይህን ያህል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ድንጋጤ፣ ዝቅ ካለ እፎይታ ይከተላል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ከቁጥሮቹ ጀርባ ያለውን ምርምር ይመለከታሉ፦ ማን ምን አገኘ፣ በምን አረጋገጠ፣ የትስ ላይ ተሳሳተ። አንድን ቁጥር ማስተካከልና አንድን ሰው ከሞት ማትረፍ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ሕክምናው ራሱ የተማረው ብዙ ዋጋ ከፍሎ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ኮሌስትሮል ራሱ በሽታ ነው?

አይደለም። ያለ ኮሌስትሮል መኖር አይቻልም። የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን ኮሌስትሮል አለበት፤ ሐሞት፣ ቫይታሚን ዲ፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖች የሚሠሩት ከእሱ ነው። አብዛኛውን የሚያመርተውም ሰውነት ራሱ ስለሆነ ከምግብ በቀጥታ የሚገባው ድርሻ ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው።

ኮሌስትሮል ቅባት በመሆኑ በደም ውስጥ ብቻውን መጓዝ አይችልም፤ ከፕሮቲን ጋር ተጠቅልሎ ይጓጓዛል። ኤልዲኤል የሚባለው ጥቅል ኮሌስትሮልን በደም አማካይነት ወደ ሕዋሳት ያደርሳል። ኤችዲኤል ደግሞ የተረፈውን ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል። ችግር የሚመጣው ኤልዲኤል በዝቶ ለዓመታት በደም ውስጥ ሲመላለስ ነው። ያን ጊዜ ወደ ደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ሰርጎ ይገባል፣ እዚያው ይቀራል፣ ቁጣ ያስነሳል፣ ቀስ በቀስም የቅባት ክምችት ይሆናል። ክምችቱ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ በላዩ ላይ ደም ይረጋል። ቧንቧው የልብ ከሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የአንጎል ከሆነ ስትሮክ ይከተላል።

ጥፋተኛው ኮሌስትሮል መሆኑ በምን ታወቀ?

ነገሩ የተጀመረው በጥንቸል ነው። በ1913 በሴንት ፒተርስበርግ ኒኮላይ አኒችኮቭና ባልደረባው ሴምዮን ካላቶቭ ንጹሕ ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት አሟሙተው ጥንቸሎችን መገቡ። የጥንቸሎቹ ደም ቅዳ ቧንቧዎች በሰው ላይ ከሚታየው ጋር የሚመሳሰል ክምችት አበጁ። ዘይቱን ብቻ የተመገቡት ጥንቸሎች ግን ምንም አልሆኑም። ሙከራው ንጹሕ ነበር፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት ሰሚ አላገኘም። ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ በውሻና በአይጥ ሞክረው ውጤቱን አላገኙትም፤ ከዚህም የተነሳ ሣር በል የሆነች ጥንቸል ስለ ሰው ምን ልትነግረን ትችላለች የሚል ክርክር ተነሳ። እነዚያ እንስሳት ትርፍ ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት ለውጠው በቀላሉ እንደሚያስወግዱ የታወቀው ቆይቶ ነው።

ጥያቄው ወደ ሰው የተሸጋገረው በ1948 ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 62 ዓመት የሆኑ 5,209 ወንዶችና ሴቶች ተመዝግበው በየሁለት ዓመቱ መመርመር ጀመሩ። ማንም መድኃኒት አልሰጣቸውም፤ ሥራው ማየትና መመዝገብ ብቻ ነበር። በ1961 ዊልያም ካኔልና ባልደረቦቹ ባወጡት ዘገባ ኮሌስትሮላቸውና የደም ግፊታቸው ከፍ ያሉት ሰዎች በልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጠቁ ታየ። ዛሬ ማንኛውም ሐኪም የሚጠቀምበት «አጋላጭ ምክንያት» የሚለው አነጋገር ከዚያ ጥናት ጋር ተያይዞ የተስፋፋ ነው። ቆይቶም ይኸው ጥናት የስኳር በሽታ ልብን እንዴት እንደሚጎዳ በቁጥር አሳየ። የመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች ልጆችና የልጅ ልጆችም ተራቸውን ጠብቀው ተመዝግበዋል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን ለማምጣቱ ማስረጃ አይሆንም። ይህን ክፍተት የሞሉት በዳላስ፣ ቴክሳስ ይሠሩ የነበሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው። የተነሡት ከአንድ አስጨናቂ በሽታ ነበር። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ዘረመል የሚወርሱ ሕፃናት ኮሌስትሮላቸው ከጤነኛ ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ገና በልጅነታቸው በልብ ሕመም ይያዛሉ። አያጨሱም፣ አልወፈሩም፣ የደም ግፊት የላቸውም፤ ያላቸው ኤልዲኤል ብቻ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ሕፃናት ቆዳ ሕዋስ ወስደው በላቦራቶሪ ሲያሳድጉት ሕዋሱ ኤልዲኤልን ከአካባቢው መቀበል እንደማይችል አዩ። በጤነኛ ሕዋስ ላይ ያለው መቀበያ እዚህ የለም፣ ወይም አይሠራም። በ1985 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ይህ ሥራ ነው።

ስታቲን የሚባለው መድኃኒት እንዴት ተገኘ?

ከሻጋታ። ስታቲን የሚባለው ሰውነት ኮሌስትሮል እንዳያመርት በማገድ ኤልዲኤልን የሚያወርድ የመድኃኒት ቤተሰብ ነው። አኪራ ኤንዶ የተባለ ጃፓናዊ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቶኪዮ በሚገኘው ሳንክዮ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ግምቱ ቀላል ነበር። ሻጋታዎች ራሳቸውን ከተሕዋስያን ለመከላከል ኬሚካል ያመነጫሉ፤ ከኬሚካሎቹ አንዱ የጠላትን የኮሌስትሮል ምርት የሚያግድ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መፈለግ ነው። ከ6,000 በላይ የሻጋታና መሰል ዝርያዎችን ፈተሸ። በመጨረሻ ፔኒሲሊየም ሲትሪነም ከተባለው ሻጋታ ኮምፓክቲን የሚባለውን ውህድ አገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለማንኛውም ወጣት ተመራማሪ ሊነገር የሚገባው ነው። ኮምፓክቲን ለአይጥ ተሰጠ፤ የአይጡ ኮሌስትሮል ንቅንቅ አላለም። በመድኃኒት ምርምር ወግ አይጥ ላይ ያልሠራ ነገር ይጣላል። ኤንዶ ግን አንድ ባልደረባው እንቁላል ከሚጥሉ ዶሮዎች ጋር እንደሚሠራ ያውቃል። እንቁላል በኮሌስትሮል የበለጸገ ስለሆነ ዶሮዋ ብዙ ታመርታለች፤ ምርቱ ቢታገድ በግልጽ መታየት አለበት። ለዶሮዎቹ ሲሰጡ በደማቸው ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል እስከ ግማሽ ወረደ። ቀጥሎም በውሻና በዝንጀሮ ሠራ።

ኮምፓክቲን ራሱ ለገበያ አልበቃም። ገበያ ላይ የመጀመሪያ የሆነው ስታቲን በ1987 በአሜሪካ የተፈቀደው የመርክ ኩባንያ ሎቫስታቲን ነው። ያኔም ቢሆን ጥርጣሬው አላለቀም ነበር፤ ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ ሰው ግን ይድናል ወይ? መልሱ የመጣው በ1994 ነው። በስካንዲኔቪያ አገሮች የልብ ሕመም የነበረባቸው 4,444 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ከአምስት ዓመት በላይ ክትትል በኋላ ማስመሰያውን ከወሰዱት 256፣ ስታቲን ከወሰዱት 182 ሰዎች ሞተው ተገኙ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ሆነ። ኤንዶ በ2024 ሲያርፍ የኖቤል ሽልማት አልተሰጠውም ነበር፤ ብዙዎች፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ጭምር፣ ይገባው ነበር ይላሉ።

የስኳር በሽታ አለብኝ፤ ኮሌስትሮሌ ግን ደህና ነው። ታዲያ ስታቲን ለምን ታዘዘልኝ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቁትም ሰዎች እውነት አላቸው፤ ነገሩ ግራ ያጋባል።

በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። ጉበት ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ቅባት አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል፤ ኤችዲኤል ይቀንሳል፤ የኤልዲኤል ጥቅሎች ደግሞ ያንሱና ይጠጥራሉ። እያንዳንዱ ጥቅል የሚሸከመው ኮሌስትሮል ስለሚያንስ በወረቀቱ ላይ ያለው የኤልዲኤል መጠን መካከለኛ ሆኖ ሳለ የጥቅሎቹ ቁጥር ብዙ ሊሆን ይችላል። ግድግዳውን የሚያንኳኳው ደግሞ ጥቅሉ ነው። በዚያ ላይ ከፍተኛ ስኳር የቧንቧውን የውስጥ ገጽ ይጎዳል። ስለዚህ በሌላ ሰው ላይ ምንም የማያሳስብ ኤልዲኤል የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ላይ ሌላ ትርጉም አለው።

ይህ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ፈተናውም ተደርጓል። በ2004 ውጤቱ የወጣ አንድ ጥናት በብሪታንያና በአየርላንድ የሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸውን፣ የልብ ሕመም ግን ያልነበረባቸውን፣ ኤልዲኤላቸውም ያን ያህል ከፍ ያላለ 2,838 ሰዎች ወሰደ። ግማሾቹ በቀን 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን ተሰጣቸው። ጥቅሙ ጎልቶ ስለታየ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ ተቋረጠ። ዋና ዋና የልብና የደም ቧንቧ አደጋዎች በ37 በመቶ ቀንሰው ነበር።

«37 በመቶ ቀነሰ» ማለት ከመቶ ሰው 37ቱ ዳኑ ማለት ነው?

አይደለም። ዜና አንባቢን በተደጋጋሚ የሚያሳስተው ይህ ስለሆነ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በዚያው ጥናት ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 1,410 ሰዎች በ127ቱ ላይ አደጋ ደረሰ፤ ይህ 9 በመቶ ነው። አቶርቫስታቲን ከወሰዱት 1,428 ሰዎች በ83ቱ ላይ ደረሰ፤ 5.8 በመቶ። ልዩነቱ 3.2 በመቶ ነው። ማለትም መቶ ሰዎች መድኃኒቱን አራት ዓመት ገደማ ቢወስዱ በሦስቱ ላይ ሊደርስ የነበረ አደጋ ይቀራል። በ91ዱ ላይ መድኃኒቱን ባይወስዱም በእነዚያ ዓመታት አደጋ አይደርስባቸውም ነበር፤ በስድስቱ ላይ ቢወስዱም ይደርሳል።

ሁለቱም አገላለጾች እውነት ናቸው። 37 በመቶው የመድኃኒቱን ጉልበት ይናገራል፤ 3.2 በመቶው ለሰውየው ያለውን ትርፍ። ትርፉ የሚወሰነው መነሻው ላይ ባለው አደጋ ስለሆነ ያው ክኒን ለአንዱ ብዙ፣ ለሌላው ጥቂት ይጠቅማል። ሐኪምዎን «የእኔ የአሥር ዓመት አደጋ ስንት ነው? መድኃኒቱስ ወደ ስንት ያወርደዋል?» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው።

ስኳሩን በደንብ ብቆጣጠር ልቤ አይድንም?

በከፊል። ለብዙ ዘመን እምነቱ «ስኳር ችግር ነው፤ ስኳርን ወደ ጤነኛ ሰው መጠን ማውረድ መፍትሔ ነው» የሚል ነበር። በዩናይትድ ኪንግደም በ1977 የተጀመረው፣ በኦክስፎርዱ ሮበርት ተርነር የተመራው ትልቅ ጥናት ይህን በ5,102 አዲስ ሕሙማን ላይ ፈተነ። ውጤቱ በ1998 ሲወጣ ጠበቅ ያለ የስኳር ቁጥጥር የዓይን፣ የኩላሊትና የመሰሉ የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳትን በ25 በመቶ ቀነሰ። በልብ ላይ ግን የታየው የ16 በመቶ ቅናሽ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን ለማረጋገጥ በጥቂቱ አነሰ። ሕሙማኑን ተጨማሪ አሥር ዓመት ሲከታተሏቸው የልብ ጥቅሙም ግልጽ ሆኖ ወጣ፤ በዚያን ጊዜ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው የስኳር ልዩነት ከጠፋ ቆይቶ ነበር። በሽታው ገና ሲጀምር የተደረገ ቁጥጥር ውለታው ለዓመታት እንደማይጠፋ የታወቀው እንዲህ ነው።

ታዲያ ጠበቅ ማድረግ ጥሩ ከሆነ እጅግ ማጥበቅ ደግሞ የተሻለ አይሆንም? ብሎ የጠየቀው በአሜሪካና በካናዳ 10,251 ሰዎችን ያሳተፈ ሌላ ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ በሽታው የቆየባቸውና ልባቸውም ለአደጋ የተጋለጠ ነበር። ለአንደኛው ቡድን የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲን ከ6 በመቶ በታች ማውረድ ግብ ሆነ። ቁጥሩ በእርግጥም ወረደ። ነገር ግን በ2008 ጥናቱን የሚቆጣጠሩት ባለሙያዎች ይህን ክፍል አስቆሙት፤ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ከተደረገላቸው 257፣ መደበኛ ሕክምና ካገኙት 203 ሰዎች ሞተዋልና። ብዙዎች ማመን አቃታቸው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ያማረ፣ ሰውየው ግን የሞተ።

ዛሬ ለሁሉም ሰው አንድ ግብ የማይቀመጠው ለዚህ ነው። በሽታው በቅርቡ ለታወቀበት የአርባ ዓመት ሰውና ስኳሩ በድንገት እየወረደ ለሚያስቸግራቸው የሰማንያ ዓመት አዛውንት የሚሰጠው ግብ የተለያየ ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚያሞቀው ጥናት በመጠኑ ትንሹ ነው። በዴንማርክ የሚገኘው የስቴኖ የስኳር ሕክምና ማዕከል በ1990ዎቹ 160 ሰዎችን ብቻ ይዞ ጀመረ። ሁሉም ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ኩላሊታቸውም ፕሮቲን ማፍሰስ የጀመረ ነበሩ። ለ80ዎቹ የተለመደው ሕክምና ተሰጠ። ለቀሩት 80ዎቹ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ትምባሆ፣ አመጋገብና እንቅስቃሴ በአንድ ላይ ተያዙ። ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ በሁለተኛው ቡድን የልብና የደም ቧንቧ አደጋ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ከጥናቱ መጀመሪያ 21 ዓመት ሲቆጠር እነዚህ ሰዎች በአማካይ ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ተጨማሪ ዕድሜ አግኝተው ነበር። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ ያሉት መድኃኒቶች በአንድነት ሥራ ላይ ዋሉ እንጂ።

አዲሶቹ የስኳር መድኃኒቶች ልብን ይጠብቃሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የተገኘውም በአንድ ስጋት ምክንያት ነው። በ2007 ሮሲግሊታዞን የተባለ የስኳር መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመምን ሊያባብስ ይችላል የሚል ትንተና ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አዲስ የስኳር መድኃኒት ሁሉ ልብን እንደማይጎዳ እንዲያረጋግጥ አዘዘ። ኩባንያዎቹ አደጋ እንደሌለ ለማሳየት ጥናት አካሄዱ፤ ከጥቂቶቹ ያልጠበቁት ጥቅም ወጣ።

በ2015 ኢምፓግሊፍሎዚን የተባለው፣ ስኳርን በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር የሚያስወጣ መድኃኒት፣ የልብ ሕመም ባለባቸው 7,020 የስኳር ሕሙማን ላይ ተፈትኖ በልብና በደም ቧንቧ ምክንያት የሚመጣን ሞት በ38 በመቶ ቀነሰ። በስኳር መጠን ላይ ያመጣው ልዩነት ግን ትንሽ ነበር። ከዚያ በ2019 የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ዳፓግሊፍሎዚን የልብ ድካም ላለባቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የስኳር በሽታ ለሌለባቸው ሰዎች ተሰጥቶ ጠቀመ። በመርፌ የሚሰጡት ሊራግሉታይድና ሴማግሉታይድም በየፊናቸው ተመሳሳይ መንገድ ሄዱ፤ በ2023 ሴማግሉታይድ የስኳር በሽታ ለሌለባቸው፣ ክብደታቸው ከልክ ላለፈና የልብ ወይም የደም ቧንቧ ሕመም ለነበረባቸው 17,604 ሰዎች ተሰጥቶ ዋና ዋና አደጋዎችን በ20 በመቶ ቀነሰ። ስለዚህ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም ወይም የኩላሊት ጉዳት አብረው ካሉ የመድኃኒቱ ምርጫ ስኳርን በማውረድ ችሎታው ብቻ አይወሰንም።

ኤችዲኤል ከፍ ባለ ቁጥር አይሻልም?

ብዙ ገንዘብ የፈሰሰው በዚህ ተስፋ ላይ ነበር። ኤችዲኤላቸው ከፍ ያለ ሰዎች በልብ ሕመም ብዙም እንደማይጠቁ ፍራሚንግሃምም ሌሎችም አይተዋል። እንግዲያው ኤችዲኤልን የሚያሳድግ መድኃኒት ቢሠራስ? ፋይዘር ቶርሴትራፒብን ሠራ። ኤችዲኤልን በ72 በመቶ ከፍ አደረገ፣ ኤልዲኤልንም በ25 በመቶ ቀነሰ፤ ለዓይን የሚያምር ውጤት። ከ15,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ፈተና ግን በታኅሣሥ 2006 በአስቸኳይ ቆመ። ከስታቲን ጋር መድኃኒቱን ከወሰዱት 93፣ ስታቲን ብቻ ከወሰዱት 59 ሰዎች ሞተው ነበር። ኒያሲን የተባለው ቫይታሚንም ኤችዲኤልን ቢያሳድግም በስታቲን ላይ ተጨምሮ ልብን ሲጠብቅ አልታየም። ኤችዲኤል ዝቅ ማለቱ የችግር ምልክት ነው፤ በመድኃኒት ማሳደግ ግን መፍትሔ ሆኖ አልተገኘም።

ኤልዲኤል በጣም ቢወርድስ አይጎዳም?

መልሱን የሰጡት ያልታመሙ ሰዎች ናቸው። በ2003 በሞንትሪያልና በፓሪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች ፒሲኤስኬናይን ስለተባለ ፕሮቲን ዘገቡ። ይህ ፕሮቲን ብራውንና ጎልድስታይን ያገኙትን መቀበያ ያፈርሰዋል። በዳላስ ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን ነገሩን ገልብጠው ጠየቁ፦ ፕሮቲኑ ከልደት የማይሠራላቸው ሰዎች ምን ይሆናሉ? ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል 2.6 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ያለ ዘረመል ነበራቸው። ኤልዲኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ብቻ ያነሰ ሲሆን የልብ ሕመማቸው ግን በ88 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥቂት ቅናሽ ዕድሜ ልክ ሲቆይ ብዙ ይሆናል ማለት ነው። ከሁለቱም ወላጆቿ የማይሠራውን ዘረመል የወረሰች አንዲት ወጣት ሴት ደግሞ ኤልዲኤሏ 14 ሚሊግራም በዴሲሊትር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ፍጹም ጤነኛ ነበረች።

ይህን ፕሮቲን የሚያግዱ መርፌዎች በ2015 ተፈቀዱ። በ2017 በታተመ የ27,564 ሰዎች ጥናት ኤልዲኤልን ከ92 ወደ 30 አውርደው አደጋን በ15 በመቶ ቀንሰዋል።

ስታቲን የስኳር በሽታ ያመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጥቂት እውነት አለው። በ2010 አሥራ ሦስት ጥናቶችንና 91,140 ሰዎችን ያጠቃለለ ትንተና ስታቲን የስኳር በሽታን ዕድል በ9 በመቶ እንደሚጨምር አሳየ። በሰው ሲቆጠር 255 ሰዎች አራት ዓመት ቢወስዱ አንድ ተጨማሪ የስኳር በሽተኛ ይገኛል፤ በዚያው ጊዜ ግን ከ5 የማያንሱ የልብ አደጋዎች ይቀራሉ። የሚጠቁትም በአብዛኛው ስኳራቸው አስቀድሞ በወሰኑ ጫፍ ላይ የነበሩት ናቸው። ስታቲን ሲጀመር ስኳርን መመርመር ተገቢ የሆነው ለዚህ ነው።

ስታቲን ስወስድ ጡንቻዬን ያመኛል። ማቆም አለብኝ?

ሕመሙ የእውነት ነው። ምንጩ ግን ሁልጊዜ ክኒኑ ላይሆን ይችላል። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች በሕመም ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን ይዘው ብልሃት የተሞላበት ሙከራ አደረጉ። ለእያንዳንዱ ሰው አሥራ ሁለት ጠርሙስ ተሰጠው፤ አራቱ አቶርቫስታቲን፣ አራቱ ማስመሰያ ክኒን፣ አራቱ ባዶ። በየወሩ አንዱን ጠርሙስ እየተጠቀሙ በየቀኑ የሕመማቸውን መጠን ከዜሮ እስከ መቶ በስልካቸው መዘገቡ። ባዶ ጠርሙስ በያዙባቸው ወራት አማካዩ 8፣ ማስመሰያውን ሲወስዱ 15.4፣ እውነተኛውን ስታቲን ሲወስዱ 16.3 ሆነ። ከሕመሙ ዘጠና በመቶ ያህሉ በማስመሰያውም ተከስቷል። ውጤታቸውን ካዩ በኋላ ግማሾቹ ስታቲን እንደገና ጀመሩ።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ሕመም ከአእምሮ ነው ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ ስታቲን ጡንቻን በእርግጥ ይጎዳል፤ ከባድ ሕመም፣ ድካምና የጠቆረ ሽንት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በመለስተኛ ሕመም ግን መጠን መቀነስ ወይም የስታቲን ዓይነት መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ኢዜቲማይብን የመሳሰሉ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ።

የላቦራቶሪ ወረቀቱን እንዴት ላንብበው?

መጀመሪያ መለኪያውን ይዩ። አንዳንዱ ላቦራቶሪ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በሚሊሞል በሊትር ይጽፋል። የኮሌስትሮልን ሚሊሞል በ38.7፣ የስኳርን ደግሞ በ18 ቢያባዙት ወደ ሚሊግራም ይለወጣል። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 ሚሊግራም እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ኤችቢኤዋንሲ 6.5 በመቶ እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ይባላል፤ ምልክት ከሌለ ግን በሁለተኛ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ለኤልዲኤል አንድ «ትክክለኛ» ቁጥር የለም። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ እጅግ ለተጋለጡ ከ55 በታች፣ ለተጋለጡ ከ70 በታች ይላል።

ኤልዲኤል ብዙ ጊዜ በቀጥታ እንደማይለካም ማወቅ ይጠቅማል። በ1972 ከወጣው የፍሪደዋልድ ቀመር ጀምሮ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ እየተቀነሰ ይሰላል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ይህ ቀመር አይሠራም፤ የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ትራይግሊሰራይድ ከፍ ማለት የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን ከጠቅላላው ኤችዲኤልን ብቻ ቀንሶ የሚገኘው ቁጥር ይበልጥ ይታመናል።

ምንም አይሰማኝም። መመርመር ያስፈልገኛል?

ኮሌስትሮል አይሰማም፤ የስኳር በሽታም ለዓመታት ላይሰማ ይችላል። ይባስ ብሎ የቆየ የስኳር በሽታ ነርቭን ስለሚጎዳ ድንገተኛ የልብ ሕመም ያለ ደረት ሕመም ሊመጣ ይችላል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ላብ ካሰመጠው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ያልተለመደ ድካም ከጣለው «ደረቴን አላመመኝም» ብሎ መጠበቅ የለበትም።

ቁጥሩ ከተስተካከለ መድኃኒቱን ማቆም እችላለሁ?

የተስተካከለው በመድኃኒቱ ከሆነ ሲቆም ይመለሳል፤ ስታቲን ካቆሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኤልዲኤል ወደ ነበረበት ይወጣል። ብዙ ክብደት የቀነሰ፣ ማጨስ ያቆመ፣ እንቅስቃሴ የጀመረ ሰው ግን መጠኑ ሊቀነስለት ይችላል፤ በተለይ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቶች። ይህ ከሐኪም ጋር፣ በየደረጃው እየተለካ የሚደረግ ነው። የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ አንድ ጊዜ ለደረሰበት ሰው ስታቲን በአብዛኛው አይቋረጥም።